የፈረስ ራስ በቴሌቪዥን መስኮት

በታኅሣሥና በጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር፣ ከምሽቱ ሦስትና አራት ሰዓት ላይ በሀገራችን የትኛውም ሥፍራ ቀና ያለ ሰው ሦስት ደማቅ ከዋክብት በአንድ መስመር ተሰልፈው ያገኛል። የኦሪዮን ቀበቶ የሚባሉት ናቸው። ከእነርሱ ወደ ደቡብ ዝቅ ሲል ሌሎች ፈዘዝ ያሉ ነጥቦች ተከታትለው ይወርዳሉ፤ እነርሱም የኦሪዮን ሰይፍ ናቸው። ከሰይፉ የመካከለኛው ነጥብ እንደ ጎረቤቶቹ ጥርት ብሎ አይታይም፤ ዳር ዳሩን ጭጋግ ይዞታል። ያ ጭጋግ ከእኛ ከ1,300 የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ የሚገኝ፣ ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ክምችት ነው፤ ኔቡላ ይሉታል። ከቀበቶው በስተምሥራቅ ጫፍ ካለው ኮከብ፣ ከአልኒታክ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ደግሞ ሌላ ኔቡላ አለ። እርሱን ግን በባዶ ዓይን ያየ ሰው የለም፤ በቴሌስኮፕ አይተው የተሳካላቸውም ጥቂቶች ናቸው። ቅርጹ የፈረስ ራስ ይመስላል፤ ስሙም ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን የማይታይ ነገር ሰዎች እንዴት ማየት እንደቻሉ የሚያወሳው ታሪክ ረጅም ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በብዕርና በእርሳስ ነበር። ፈረንሳዊው ኒኮላ ደ ፔይሬስክ በ1610 መጨረሻ የኦሪዮንን ጭጋግ በቴሌስኮፕ አይቶ መዘገበ። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ በ1659 ስለ ሳተርን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የጭጋጉን ሥዕል አስገባ። በፓሪስ የነበረው ሻርል ሜሲዬ ጅራታም ከዋክብት ሲፈልግ ደብዛዛ ነገሮች እየመሰሉ ስላሳሳቱት ዘርዝሮ ያዛቸው፤ በ1781 ዝርዝሩ 103 ደርሶ ነበር፤ ዛሬም ድረስ የሚጠሩት እርሱ በሰጣቸው ቁጥር ነው። በእንግሊዝ አገር ዊልያም ኸርሼል ከእህቱ ከካሮላይን ጋር ሌሊቱን ሲሠራ ያድር ነበር። እርሱ ከቴሌስኮፑ ዓይኑን ሳይነቅል ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ እርሷ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ትጽፋለች። ወንድምና እህት በዚህ ሁኔታ ወደ 2,500 የሚጠጉ ኔቡላዎችንና የከዋክብት ክምችቶችን መዘገቡ።

በ1845 ሎርድ ሮስ አየርላንድ ውስጥ ባለው ግቢው የመስታወቱ ስፋት 1.8 ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ አቆመ። የጊዜው ትልቁ ነበር። በእርሱም ከሜሲዬ ዝርዝር 51ኛውን ነገር አይቶ ጠመዝማዛ ቅርጹን ሣለ። ይሁን እንጂ እጅና ዓይን ብቻቸውን የሚያደርሱት እስከዚያ ድረስ ነበር። የኦሪዮንን ኔቡላ የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ጊዜ የሣሏቸውን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሥዕሎቹ አንድ ነገርን የሚያሳዩ አይመስለውም። ኔቡላው ቅርጹን ለውጧል የሚሉ ተነሡ፤ የለም፣ የተለየው የሠዓሊው እጅ ነው የሚሉም ነበሩ። ክርክሩን የሚቆርጥ ማስረጃ ግን አልነበረም።

ችግሩ ዓይናችን ብርሃንን ማጠራቀም አለመቻሉ ነው። ከኔቡላ የሚመጣው ብርሃን እንደ ጠብታ ነው፤ ዓይናችን ደግሞ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል የሚደፋ ስኒ ነው። የያዘውን ወዲያው ለአእምሮ ያስረክብና ባዶውን እንደገና ይጀምራል። አንድን ደብዛዛ ነገር ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጠን ብናይ በመጀመሪያው ደቂቃ ካየነው እምብዛም አይጨምርም። በጨለማ የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳትም ቀለም አይለዩም፤ ቀዩን ብርሃን ከናካቴው አያዩትም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ኔቡላዎች ደግሞ በዋነኛነት የሚያበሩት በቀይ ነው።

ኔቡላ ምን እንደሆነ የታወቀው በፎቶግራፍ ከመነሣቱ በፊት ነው። ኦገስት 29 ቀን 1864 ዊልያም ሃጊንስ ለንደን ባለው መኖሪያው ድራኮ በሚባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለችውን የድመት ዓይን ኔቡላን ብርሃን በፕሪዝም በተነው። የጠበቀው እንደ ከዋክብት ያለ የቀስተ ደመና ሪባን ነበር። ያገኘው ግን አንዲት አረንጓዴ መስመር፣ ከእርሷም አጠገብ ጥቂት ደካማ መስመሮች ብቻ ሆነ። እንዲህ የሚያበራው ጋዝ ነው። አረንጓዴዋ መስመር ከየትኛው ንጥረ ነገር እንደምትመነጭ ሳይታወቅ ከ60 ዓመት በላይ አለፈ። በ1927 አሜሪካዊው አይራ ቦወን ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን፣ እጅግ በሳሳ ጋዝ ውስጥ ሲሆን የሚያወጣት መሆኗን አረጋገጠ። የኔቡላ ብርሃን በጥቂት መስመሮች ላይ የተከማቸ መሆኑ በኋላ የሚመጡትን የካሜራ ሰዎች በእጅጉ ጠቅሟቸዋል።

ብርሃንን ለረጅም ጊዜ ለማጠራቀም ያስቻለው ደረቁ የጄላቲን የፎቶግራፍ ፕሌት ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው እርጥብ ፕሌት ገና እርጥብ እንዳለ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተነሥቶ መታጠብ ነበረበት፤ ለደብዛዛ ነገር የሚበቃ ጊዜ አይሰጥም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ማዶክስ በ1871 ደረቁን ፕሌት ይፋ ካደረገ በኋላ ግን ካሜራ ከፍቶ አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም መጠበቅ የሚቻል ሆነ።

ሄንሪ ድሬፐርም ሐኪም ነበር። ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን፣ በሃድሰን ወንዝ ዳር ባለችው ሄስቲንግስ ከባለቤቱ ከሜሪ አና ጋር የገዛ ራሱን ኦብዘርቫቶሪ አቋቁሞ ይሠራል። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1880 ሌሊት 28 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ የተገጠመለትን ቴሌስኮፕ ወደ ኦሪዮን ሰይፍ አዙሮ ፕሌቱን ለ51 ደቂቃ ከፍቶ አቆየው። ምድር ስለምትዞር ቴሌስኮፑ በሰዓት ሞተር እየተገፋ ኔቡላውን መከተል ነበረበት፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ቢያነክስ ከዋክብቱ መስመር ይሆናሉ። ፕሌቱ ሲታጠብ የኔቡላው ደማቅ ክፍል ወጣ። በዓለም የመጀመሪያው የኔቡላ ፎቶግራፍ ይህ ነው። ድሬፐር በዚያ አልረካም፤ በማርች 1882 ፕሌቱን 137 ደቂቃ ከፍቶ ፈዛዛውን ክፍል ጭምር አነሣ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ በ45 ዓመቱ፣ በሳንባ ሽፋን ብግነት ሞተ።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1883፣ አንድሩ ኮመን የሚባል የቧንቧና የፍሳሽ መሐንዲስ ለንደን ዳር ባለችው ኢሊንግ ከቤቱ ጓሮ ባቆመው፣ ስፋቱ 91 ሴንቲ ሜትር በሆነ መስታወት ኦሪዮንን አነሣ። የእርሱ ፎቶግራፍ የሰው ዓይን በዚያው ቴሌስኮፕ ሊያያቸው ያልቻለ ከዋክብትን አሳየ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው። እስከዚያ ቀን ፎቶግራፍ የዓይን ምስክር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዓይን ያላየውን የሚመሰክር ሆነ። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ማኅበርም በ1884 ለኮመን የወርቅ ሜዳሊያውን ሰጠው።

የድሬፐር ሥራ ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። ሜሪ አና ድሬፐር የባሏ ስም ማስታወሻ ይሆን ዘንድ ለሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ገንዘብ ትሰጥ ጀመር፤ በዚያም የሰማይ ፎቶግራፍ የያዙ የመስታወት ፕሌቶች በሺህ እየተቆጠሩ ተከማቹ። ፕሌቶቹን በአጉሊ መነጽር የሚመረምሩት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ዊልያሚና ፍሌሚንግ ናት። ከስኮትላንድ ወደ ቦስተን ከባሏ ጋር የመጣች፣ ነፍሰ ጡር ሳለች ባሏ ጥሏት የሄደ፣ በኦብዘርቫቶሪው ዳይሬክተር በኤድዋርድ ፒከሪንግ ቤት ሠራተኛ ሆና የተቀጠረች ሴት ነበረች። ፒከሪንግ ችሎታዋን አይቶ ወደ ኦብዘርቫቶሪው አዛወራት። በ1888 የዳይሬክተሩ ወንድም ዊልያም ፒከሪንግ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ 90 ደቂቃ ከፍቶ ያነሣውን ፕሌት ስትመረምር፣ ከአልኒታክ በስተደቡብ በሚወርድ ፈዛዛ የብርሃን ክር ላይ ግማሽ ክብ የሆነ ጉድጓድ አየችና መዘገበችው። የፈረስ ራስ ኔቡላ የተገኘው በዚህ ነው። በ1895 የወጣው የኔቡላዎች ተጨማሪ ዝርዝር ግኝቱን ለፒከሪንግ ሰጥቶ የእርሷን ስም ሳይጠቅስ አለፈ። በፕሌቱ ላይ ያን ነጥብ ለይታ ያየችው ግን ፍሌሚንግ ናት፤ ስሟ ከግኝቱ ጋር መጠራት አለበት። ኤድዋርድ ባርናርድ በ1919 የጨለማ ኔቡላዎችን ዝርዝር ሲያወጣ የፈረስ ራስን 33ኛ አድርጎ አስገባው፤ ጉድጓዱ ባዶ ቦታ ሳይሆን ከኋላው የሚያበራውን ጋዝ የከለለ የአቧራ ደመና ነው።

ቀጥሎ ባሉት ሰባ ዓመታት ቴሌስኮፖቹ እየገዘፉ ሄዱ እንጂ ዘዴው እምብዛም አልተለወጠም። የፎቶግራፍ ፕሌት መቶ ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ቢደርሰው የሚመዘግበው አንድ ወይም ሁለት ነው፤ የቀረው ይባክናል። ብርሃኑ ሲሳሳም ጭራሽ ይዝላል፤ በሁለተኛው ሰዓት የሚሰበስበው በመጀመሪያው ከሰበሰበው ያነሰ ነው። በትርፍ ጊዜያቸው ሰማይ የሚያነሡ ሰዎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ፊልማቸውን ሃይድሮጅን በተቀላቀለበት ናይትሮጅን እያሞቁ ድካሙን ለማቅለል ይጣጣሩ ነበር። አንድ ኔቡላ ለማንሣት አንድ ሰዓት ሙሉ በብርድ ቆሞ፣ ዓይንን ከመከታተያው መስቀል ላይ ሳይነቅሉ፣ ኮከቡ ፈቀቅ ባለ ቁጥር በቁልፍ እየመለሱ መሥራት ግድ ነው። ተሳካ አልተሳካ የሚታወቀው ፊልሙ ሲታጠብ ነው። ቴሌስኮፑ አጠገብ የነበረ ሰው ያን ሌሊት ራሱን ኔቡላውን አላየውም።

ቴሌቪዥን የገባው በዚህ መሐል ነው። በ1960ዎቹ በኒው ሜክሲኮ የኮራሊቶስ ኦብዘርቫቶሪ ሰዎች ለቴሌቪዥን ጣቢያ የሚያገለግለውን ኢሜጅ ኦርቲኮን የተባለ ቱቦ ከቴሌስኮፕ ጋር አገናኝተው ጨረቃንና ጋላክሲዎችን በመስኮት ላይ ይመለከቱ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀው ግን በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አሌክ ቦክሰንበርግ የሠራው ነው። መሣሪያው እያንዳንዱን ፎቶን በኤሌክትሮኒክ ቱቦ አጉልቶ በፎስፈር ላይ ብልጭታ ያደርገዋል፤ የቴሌቪዥን ካሜራ ብልጭታውን ያየዋል፤ ኤሌክትሮኒክሱም የብልጭታውን መካከል ለይቶ በዚያ ቦታ ላይ አንድ ብሎ ይቆጥራል። በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ በፓሎማር ተራራ ትልቁ ቴሌስኮፕ ላይ ሲሠራ ሳይንቲስቶቹ የደብዛዛ ነገሮች ብርሃን ጠብ ጠብ እያለ ሲደራረብ በመስኮት ላይ እዚያው ያዩት ነበር። ብርሃን ማጠራቀምና በዓይን ማየት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሌሊት ተገናኙ። ዋጋው ግን የታላላቅ ተቋማት እንጂ የግለሰብ አቅም አልነበረም።

ለግለሰብ በሩን የከፈተው ሲሊከን ነው። በ1969 ኦክቶበር ላይ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በኒው ጀርሲ በቤል ላብራቶሪ ተቀምጠው የኮምፒውተር ማስታወሻ ሊሆን የሚችል አዲስ ዓይነት ቺፕ ነደፉ፤ ሲሲዲ ተባለ። ብርሃን ሲሊከን ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል። ቺፑ በጥቃቅን ሕዋሳት የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ፣ ማለትም ፒክስል፣ የደረሰውን ኤሌክትሮን ይይዛል። ሰዓቱ ሲደርስ ኤሌክትሮኖቹ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እየተቀባበሉ እስከ ዳር ይደርሱና ይቆጠራሉ። ማስታወሻ ይሆናል የተባለው ነገር ከሁሉ የላቀ ዓይን ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱ ሰዎች በ2009 የኖቤል ሽልማት የተጋሩት በዚህ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሪዞና ሲሲዲ ከቴሌስኮፕ ጋር ተገጥሞ ዩራነስን አነሣ። ሲሲዲ ከመቶ ፎቶን ከግማሽ በላይ ይይዛል፤ እየተሻሻለ ሲሄድ 90 ደርሷል። ጊዜ ሲረዝምም አይዝልም።

በ1990ዎቹ ሲሲዲ ካሜራ በግለሰቦች እጅ ገባ። የሚገዛ አለ፤ በ1994 በወጣ መመሪያ መጽሐፍ እየተመራ በቤቱ የሚገጣጥምም ነበር። ካሜራው አምስትና አሥር ደቂቃ ይከፈታል፤ ምስሉ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ በማግሥቱ ተቀምጠው ያጠሩታል። ውጤቱ ከፊልም የትየለሌ ይበልጣል። ነገር ግን ከጎን ቆሞ ተራውን ለሚጠብቅ ልጅ ወይም እንግዳ የሚያሳዩት ነገር ያን ሌሊት የለም።

መልሱ ያልተጠበቀ ቦታ ተገኘ፤ የባንክና የመጋዘን ጥበቃ ካሜራ። ጥበቃ የሚፈልገው በጨለማ የሚያይ፣ ርካሽ፣ ቀጥታ ከቴሌቪዥን የሚገናኝ ካሜራ ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች ለዚሁ ሲሉ የሲሲዲ ሴንሰሮችን ስሜት በተለይ በቀዩና ከቀይ ባሻገር ባለው ብርሃን በኩል አሳደጉት። ከዚህም በላይ አንድ ብልሃት ጨመሩ። ተራ የቪዲዮ ካሜራ በአሜሪካ አሠራር በሰከንድ 30 ምስል ያወጣል። እነዚህ ግን ምስሉን ወዲያው ሳያወጡ ሴንሰሩን ብርሃን እያስጠራቀሙ ማቆየት ይችላሉ፤ እስኪያወጡ ድረስም የመጨረሻውን ምስል በማስታወሻ ይዘው ለቴሌቪዥኑ ያለማቋረጥ ይልካሉ። ቴሌቪዥኑ አይጠፋም፤ በየጥቂት ሰከንዱ አዲስ ምስል ይተካል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ግዛት ያለው አዲሮንዳክ ቪዲዮ አስትሮኖሚ የጃፓኑን የዋቴክ ካሜራ ስቴላካም በሚል ስም ለሰማይ ተመልካቾች አቀረበ። የመጀመሪያው ሁለት ሰከንድ ያህል ያጠራቅም ነበር፤ ተከታዩ 256 ምስል ያህል፣ ማለትም ስምንት ሰከንድ ተኩል። በአውስትራሊያ ጂስታር፣ በካናዳ ማሊንካም ተከተሉ፤ ማሊንካም በቀለም ማሳየትና ለደቂቃ ያህል ማጠራቀም ቻለ። ገንዘብ ያነሳቸው ሰዎች ደግሞ ለኮምፒውተር ወሬ የተሠራችውን ዌብካም ፈተው፣ ሽቦ ቆርጠውና በየው፣ ምስሉን ለረጅም ሰከንድ እንድትይዝ አስገደዷት። ያ የብየዳ ጥበብ ከእንግሊዝ ተነሥቶ በየአገሩ ተዛመተ።

በዚያ ዘመን አንድ ሌሊት እንዲህ ይመስል ነበር። 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ሜዳ ላይ ይቆማል። ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ ይወጣና በቦታው ከጡጫ ያነሰ ካሜራ ይገባል፤ ከፊቱ ምስሉን የሚያጠብ ሌንስ ይደረጋል። ይህ ሌንስ የቴሌስኮፑን የትኩረት ርዝመት ወደ ሢሶ ስለሚያወርደው በአንድ ፒክስል ላይ የሚያርፈው ብርሃን ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከካሜራው አንድ ገመድ ወደ ባትሪ፣ አንዱ ወደ መቆጣጠሪያው፣ አንዱ ወደ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ይሄዳል። በመጀመሪያ ደማቅ ኮከብ ተፈልጎ ነጥብ እስኪሆን ይስተካከላል። ከዚያ ቴሌስኮፑ ከአልኒታክ ጥቂት ወደ ደቡብ ይወርዳል። መስኮቱ ላይ የሚታየው የሚንቀጠቀጥ ግራጫ ብቻ ነው። የመቆጣጠሪያው ቁልፍ ከፍ ሲል ከዋክብት ይወጣሉ፤ አንድም ጊዜ ቦታቸውን የማይለቁ ነጫጭ ነጥቦችም አብረው ይወጣሉ፤ እነርሱ ከሴንሰሩ ሙቀት የሚመጡ ናቸው። ቁልፉ መጨረሻ ሲደርስ መስኮቱ ለስምንት ሰከንድ ተኩል ባለበት ይቆማል። ምስሉ ሲለወጥ በግራጫው መሐል ፈዛዛ መጋረጃ ተዘርግቷል፤ በመጋረጃው ላይ ጥቁር ቁራጭ አለ፤ አፍንጫውና የአንገቱ መታጠፊያ ይለያል። የፍሌሚንግ ፕሌት ከተነሣበት ጋር እኩል ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ነው። ያኔ 90 ደቂቃና የጨለማ ክፍል ያስፈለገው አሁን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወጣ።

በዓይን ቢሆን ኖሮ በዚያው ቴሌስኮፕ ይህ አይሆንም ነበር። ከፈረሱ ኋላ ያለው መጋረጃ የሚያበራው በሃይድሮጅን ቀይ መስመር፣ በ656 ናኖ ሜትር ላይ ነው፤ የጨለማ ዓይናችን እዚያ ዕውር ነው። የጥበቃው ካሜራ ደግሞ ከሁሉ የሚበረታው በዚሁ በኩል ነው። ለሌባ የተሠራ ዓይን ለኔቡላ የተሠራ ያህል ገጠመ።

እኔን ከሁሉ የሚነካኝ በቴሌቪዥኑ ዙሪያ የሚቆመው ሰው ነው። በቴሌስኮፕ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ያያል፤ ያየውም ትክክል መሆኑን ሌላው አያረጋግጥለትም። ደካማ ነገርን ለማየት ዓይንን ማለማመድ፣ ከጎን መመልከት፣ መሰላል ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ዓይናቸው የደከመ አዛውንት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው፣ ዓይኑን ከሌንስ ማስጠጋት ያልቻለ ሕፃን ከዚህ ደስታ ውጭ ነበሩ። መስኮቱ ሲመጣ ሃያ ሰው በአንድነት ቆሞ በጣቱ እያመለከተ ተወያየ። አንዳንዶችም ምስሉን በኢንተርኔት በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመሩ፤ ደመና የሸፈነው አገር ያለ ሰው የጠራ ሰማይ ካለበት አገር አብሮ አመሸ።

መከራውም አልጠፋም። ሴንሰር ሲሞቅ ብርሃን ሳይመጣም ኤሌክትሮን ይለቃል፤ የዚህ መጠን ሙቀቱ ስድስትና ሰባት ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ወደ ግማሽ ስለሚወርድ ካሜራዎቹ ማቀዝቀዣ ተገጠመላቸው። ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞር ቴሌስኮፕ ሲከታተል ምስሉ በራሱ ዙሪያ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ስለዚህ ብዙ ማጠራቀም አይቻልም። የከተማ መብራትም ከኔቡላው እኩል ይጠራቀማል። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች የቆሙበትን ተራራና ከሥሩ የሚያበራውን አዲስ አበባን ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። እዚህ ላይ የሃጊንስ ግኝት ረዳ። ኔቡላው በጥቂት መስመሮች ብቻ የሚያበራ ከሆነ፣ እነዚያን መስመሮች አሳልፎ ሌላውን የሚከለክል ማጣሪያ ከካሜራው ፊት ሲደረግ የከተማው መብራት ይቀንስና ኔቡላው ይቀራል።

ትንሽ ቴሌስኮፕና ለብርሃን ንቁ የሆነ ሴንሰር ምን ሊያደርሱ እንደሚችሉ በጃንዋሪ 2004 ታየ። በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ጄይ ማክኒል ስፋቱ ስምንት ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ሌንስ፣ ከቤቱ ደጃፍ፣ በኦሪዮን ውስጥ ያለውን የሜሲዬን 78ኛ ነገር በሲሲዲ ካሜራ አነሣ። ምስሉን ሲመረምር በማንኛውም ካርታ ላይ የሌለ አንድ ትንሽ ኔቡላ አገኘ። አንድ ገና ያልጎለመሰ ኮከብ በድንገት ፈክቶ በዙሪያው ያለውን አቧራ አብርቶት ነበር። ታላላቅ ቴሌስኮፖች ወደዚያ ዞሩ። የድሮ ምስሎች ሲገላበጡ በ1960ዎቹም አንድ ጊዜ በርቶ እንደነበር ተገኘ። ዛሬ የማክኒል ኔቡላ ይባላል።

ቀጣዩ ለውጥም ከጥበቃ ካሜራ መጣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላብራቶሪ ኤሪክ ፎሰም የመራው ቡድን ሲሞስ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሴንሰር አበልጽጎ ነበር፤ እያንዳንዱ ፒክስል የራሱ ማጉያ አለው። ለረጅም ጊዜ ከሲሲዲ ያነሰ ተብሎ ተንቆ ቆየ። ሞባይል ስልክና የጥበቃ ካሜራ ሲፈልጉት ግን በየዓመቱ ተሻሻለ፤ ሶኒ ብርሃኑ ሽቦ ሳይከልለው ከጀርባ እንዲገባ አድርጎ ለሌሊት ጥበቃ የሠራቸው ሴንሰሮች በፍጥነት ወደ ቴሌስኮፕ ተሻገሩ። በ2015 ሶኒ የሲሲዲ ምርቱን ሊያቆም እንደሆነ ለደንበኞቹ አስታወቀ። የድሮዎቹ ባለ ገመድ የቪዲዮ ካሜራዎች ሴንሰርም አብሮ የሚቀር ሆነ።

ከአዲሱ ሴንሰር የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ምስሉ በተነበበ ቁጥር የሚጨመረው ስሕተት ማነሱ ነው፤ በአንድ ፒክስል ወደ አንድ ኤሌክትሮን ገደማ ወርዷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀድሞ 60 አጫጭር ምስሎችን መደመር እንደ አንድ ረጅም ምስል አይሆንም ነበር፤ እያንዳንዱ የራሱን ስሕተት ይዞ ይመጣልና። ስሕተቱ ሲያንስ ግን የአሥር ሰከንድ ምስሎችን መደራረብ በቂ ሆነ። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ያሉትን ከዋክብት ፈልጎ፣ የዞረውን አዙሮ፣ የተንሸራተተውን መልሶ ከቀደመው ላይ ይጨምረዋል። አራት ምስል ሲደራረብ ጥራቱ ሁለት እጥፍ፣ መቶ ሲደራረብ አሥር እጥፍ ይሆናል። ሻርፕካፕ የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ይህን በቀጥታ ስለሚሠሩት ተመልካቹ ተቀምጦ ኔቡላው እየጠራ ሲሄድ ያያል። የመስኮቱ ፊት ሲታይ በ2003 ከነበረው ብዙም አይለይም፤ ከኋላው ያለው ሒሳብ ግን ሌላ ነው።

በ2017 ከፈረንሳይ የተነሣው ዩኒስቴላር መስታወቱን፣ ሴንሰሩንና ኮምፒውተሩን በአንድ ቱቦ ውስጥ አድርጎ ለገዢ ማቅረብ ጀመረ። በ2023 የቻይናው ዜድደብሊውኦ የሌንሷ ስፋት አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነች ሲስታር የምትባል መሣሪያ አወጣ። ኔቡላውን ራሷ ፈልጋ፣ የአሥር ሰከንድ ምስሎችን እየደረበች ወደ ስልክ ትልካለች። የፈረስ ራስን ከነቀይ መጋረጃው በስልኩ ያየ ሰው ዛሬ ብዙ ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ መጠበቅን የመረጡ አሉ። በ2022 ያን ሳንቲ በፈረንሳይ ሎሬን፣ 10.6 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕና በሲሞስ ካሜራ፣ የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ቦወን ስሙን በገለጠው የኦክስጅን መስመር በማጣሪያ እያነሣ ምስሎቹን ደረደረ። ማርሴል ድሬክስለርና ግዛቪዬ ስትሮትነር ሲመረምሩት ከጋላክሲው አጠገብ የሦስት ጨረቃ ያህል ርዝመት ያለው የቀስት ቅርጽ አገኙ። አንድሮሜዳ በሰማይ ላይ በብዛት ከተነሡት ነገሮች አንዱ ነው፤ ይህን ቀስት ግን ማንም አላየውም ነበር። ለመጨረሻው ምስል የተጠራቀመው ብርሃን የ111 ሰዓት ነው። ግኝቱ በጃንዋሪ 2023 ታትሞ ወጣ። ቀስቱ ከአንድሮሜዳ ጎን ያለ ይሁን ወይስ በእኛው ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ፣ ከፊት ለፊት የተዘረጋ ጋዝ፣ ተመራማሪዎች በትላልቅ ቴሌስኮፖች ሊለዩት ሞክረዋል።